በረኪናውን ወደ ቦታው መልሱት

ጽሑፉን የላከችልኝ እናቴ ናት። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላ ስለ ሜሪላንድ ጓሮ የተጻፈ ነገር ከየት እንዳገኘች እግዜር ይወቅ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ «አንቺ፣ ይህን አይተሻል? በይ ጓሮሽን አጽጂ!» ብላ ላከችው።

አነበብኩት። ርእሱ «የፀደይ እንግዶች መጡ፣ ጓሮዎን ይጠብቁ» ይላል። ጸሐፊው እንደ እኔው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖሩ አበሻ ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በረዶው ሲያልቅ አውሬው ሁሉ ከጫካ ተነሥቶ ሰው ጓሮ ይገባል፤ ገሚሱ መርዘኛ ነው፣ ገሚሱ እናቱ የጣለችው ምስኪን ነው፤ መርዘኛውን ግደሉ፣ ምስኪኑን ቤት አስገቡ። ለጉርጥ ደግሞ ለብቻዋ መድኃኒት አዘዋል። ጨው ነስንሱባት፣ ካልሞተች በረኪና ድፉባት።

እዚች ላይ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ሰውየው ክፉ አይመስሉኝም። ለልጆቻቸው የሚሰጉ አባት ናቸው፣ ጽሑፉ ውስጥም እውነት የሆነ ነገር አለ፣ እደርስበታለሁ። ግን ይህን ያነበበ ሰው ነገ በረኪናውን ይዞ ጓሮ ሊወጣ ነው። ስለዚህ በየተራ ልመልስላቸው።

ከስሙ እንጀምር። «ከተማችን ራሷ ስሟን ያገኘችው ከፀደይ ነው» ይላሉ። አይደለም። እዚህ ስም ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ወቅቱ ሳይሆን ምንጭ ነው። ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል ሰው በ1840 ሚካ የሚባል ማዕድን የሚያብለጨልጭበት ምንጭ እዚህ አገኘ፣ ወደደው፣ ርስቱንም «የብር ምንጭ» አለው። ቦታው ዛሬ ኤኮርን ፓርክ ነው፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ቀጥለው «የእኛ ፀደይ መስከረም ነው፣ የፈረንጁ ፀደይ አይመለከተንም» ይላሉ። ይህን ስህተት ብቻቸውን አልሠሩትም። አደይ አበባ ሲፈነዳ ሁላችንም ፀደይ መጣ እንላለን። በአባቶች አቆጣጠር ግን ክረምት መስከረም 25 ሲያበቃ የሚገባው መጸው ነው። ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ በጋ ነው። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። መጋቢት 26 ማለት ደግሞ ኤፕሪል 4 ነው። በዚያ ሳምንት ከቤቴ በታች ካለው ኩሬ የጉርጥ ዘፈን ይሰማል። ስለዚህ ይመለከተናል። እንዲያውም ቀኑ ይህን ያህል የሚገጥምበት ሌላ ነገር ከዚህ አገር ጋር የለንም፣ ገናው ሁልጊዜ፣ ፋሲካውም ብዙውን ጊዜ ሲለያይብን ነው የኖርነው።

ከዚያ ወደ አብሳሪዎቹ ይሄዳሉ። ፀደይን የምታበስረው በፌብሩዋሪ 2 ጥላዋን የምታየው ግራውንድሆግ ናት ይላሉ። ግራውንድሆግ ለማታውቁ፣ የእኛን ሽኮኮ አስቡና አወፍሩት፣ ጭራ ጨምሩለት። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ፑንክሱታውኒ በምትባል ከተማ ረጅም ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ከ1887 ጀምሮ ይህን ጨዋታ ይጫወታሉ፦ ጥላዋን ካየች ብርዱ ይቀጥላል፣ ካላየች ፀደይ ቶሎ ይገባል። ጨዋታ ነው። የመንግሥቱ የአየር ጠባይ ተቋም ቆጥሮ ሲያየው ትንበያዋ የሚሠራው ከግማሽ በታች ነው፣ ሳንቲም ብትወረውሩ ይሻላችኋል። በፌብሩዋሪ ወንዱ እውነትም ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። ግን ለእኛ የአየር ጠባይ ሊነግር አይደለም፣ ሴቶቹ ያሉበትን ጉድጓድ እየዞረ ሊያይ ነው። ሽማግሌ ሊልክ በሉት።

ሮቢንስ? ያቺ ደረተ ቀይ ወፍ «ከደቡብ ስትመለስ ፀደይ ሆነ» ብለዋል። ብዙዎቹ ሮቢኖች የትም አልሄዱም። በጃንዋሪ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ በደረቀበት ሰዓት፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው የሆሊ ዛፍ ላይ ሠላሳ አርባ ሆነው ቀዩን ፍሬ ሲለቅሙ አይቻለሁ። ተሰብስበው ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚከርሙ ነው ዓይናችን የማይገቡት። የሚለወጠው መሬቱ ነው። አፈሩ ሲለሰልስ ትል ወደ ላይ ይወጣል፣ ትል ሲወጣ ሮቢን ሳር ላይ ትወርዳለች። ሦስት እርምጃ ሮጥ ትላለች፣ ቀጥ ትላለች፣ አንገቷን ዘመም ታደርጋለች፣ ከዚያ ጎትታ ታወጣዋለች። ምልክት ከፈለጋችሁ ይኼ ነው፣ ወይም ገና ሳይነጋ የምትጀምረው ዘፈን።

ጸሐፊውን የምሞግታቸው ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። «እንግዶች» የሚሏቸው አብዛኞቹ እንግዳ አይደሉም። በረዶውን እዚሁ፣ ከእኛ እግር ሥር ነው ያሳለፉት።

የማታውን ጩኸት እንየው። «በማርች ማታ ማታ የሚጮኸው ፌንጣ ነው፣ የቤቱን መሠረት መርዝ አስረጩ» ብለዋል። ፌንጣ እዚህ በማርች አይዘፍንም፣ ገና ነው። እሱ ስፕሪንግ ፒፐር የሚባል እንቁራሪት ነው። መጠኑ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢበልጥ ትንሽ ነው፣ ጀርባው ላይ የኤክስ ምልክት አለው። አንዱን ለብቻው ስትሰሙት እንደ ጫጩት ፉጨት ነው። መቶ ሆነው ከሩቅ ሲጮኹ ግን ጸናጽል ነው የሚመስለው፣ የሆነ ቦታ ማኅሌት የቆመ ይመስላል። ይህ ፍጥረት ዊንተሩን ያሳለፈው ቅጠል ሥር ተኝቶ ነው። ውርጭ ሲነካው ጉበቱ ስኳር ወደ ደሙ ይለቃል፣ ከሰውነቱ ከፊሉ በረዶ ቢሆንም ሴሎቹን ያ ስኳር ያተርፋቸዋል። ዉድ ፍሮግ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ይብሳል፦ ልቡ ይቆማል፣ አይተነፍስም፣ ብታነሡት እንደ በረዶ ድንጋይ ነው። መሬቱ ሲሞቅ ይቀልጥና ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ እንስሳ ላይ ነው እንግዲህ መርዝ የምናስረጨው።

አሁን ወደ ጉርጧ።

ጸሐፊው ስለ ጉርጥ አራት ነገር ብለዋል። በበረዶ ትሞትና በፀደይ ከጭቃ ትፈጠራለች፤ መርዝ ትተፋለች፤ የነካት ሰው ኪንታሮት ያወጣል፤ ኩሬ ውስጥ የምናየው ዝልግልግ ክር የእሷ በሽታ ነው። አራቱም ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ብቻ ትንሽ የእውነት ጭራ አለችው።

በበረዶ አትሞትም። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ጎመን ልተክል መደቡን ስቆፍር በአካፋዬ አንድ ድንጋይ ወጣ። ጭቃ የለበሰ፣ ጭብጥ የሚያህል፣ ቀዝቃዛ። አጥር ሥር ልወረውረው እጄን ሳነሣ ድንጋዩ ተነፈሰ። ጎኑ እብጥ ስልም አለ። ከዚያ ዓይኑ ተከፈተ። የጉርጥ ዓይን በቅርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈጦ ያስፈራል እንላለን፣ ግን ዙሪያው ወርቅ ነው፣ በጣም የተፈጨ ወርቅ፣ መሐሉ ላይ አግድም የተኛ ጥቁር መስመር ያለው። መልሼ አፈሩ ላይ አስቀመጥኳት። የገባችው በኋላዋ ነው! የኋላ እግሮቿ ላይ እንደ ማንኪያ ጫፍ የጠነከረ ነገር አለ፣ በዚያ ግራና ቀኝ እየገፋች፣ ወገቧን እየነቀነቀች ቁልቁል ሰመጠች። ዳንስ ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ አፈሩ ጭንቅላቷ ላይ ተደፋና ምንም እንዳልነበረ ሆነ። እንግዲህ በዊንተሩ በሙሉ እዚያ ነበረች፣ ውርጩ ከሚደርስበት በታች፣ ከጎመኔ ሥር። እንደ እንቁራሪቶቹ በረዶ መሆን አትችልም፣ ቆፍራ ነው የምታመልጠው።

ኪንታሮቱ። በሰው እጅ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ ቫይረሱም የሰው ነው፣ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው። የጉርጧ ጀርባ ላይ ያለው እብጠት የቆዳዋ ዕጢ ነው፣ አይጋባም። ልጆቼ ስንት ጊዜ ይዘዋታል፣ እጃቸው ሰላም ነው።

መርዙ ግን አለ። ከዓይኗ በስተጀርባ ሁለት ረዘም ያሉ እብጠቶች አሏት፣ አጥብቀው ሲይዟት ወይም ሲነክሷት ከዚያ ነጭ ነገር ይወጣል። አትተፋም፣ አትረጭም። የምትረጨው ነገር ቢኖር ሽንቷን ነው፣ እሱም ካነሣችኋት ብቻ፣ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። ውሻችሁ አፉ ውስጥ ካስገባት ለሃጩን ያዝረበርባል፣ አፉን በብዙ ውኃ እጠቡለት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ አይሞክራትም። ልጆች ከነኳት በኋላ ዓይናቸውን ሳያሹ እጃቸውን ይታጠቡ። አለቀ። ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ግን የእኛዋ ጉርጥ እንኳ አይደለም። የፍሎሪዳው ኬን ቶድ ነው። እሱ እውነትም ውሻ ይገድላል፣ ግን ሜሪላንድ ውስጥ የለም። የሰውን ፎቶ ለጥፎ የሌላውን ሰው ወንጀል መናገር ነው።

ስለ ጨውና በረኪናው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጉርጥ በአፏ ውኃ አትጠጣም። እርጥብ አፈር ላይ ቁጭ ትልና በሆዷ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ትመጥጠዋለች፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ጨው ስትነሰንሱባት ያንን ውኃ መልሳችሁ ከውስጧ እየጠባችሁ ነው። በረኪና ስትደፉባት በአንድ ጊዜ እያጠጣችኋትም እያስተነፈሳችኋትም ነው። የተረፈው ወደ ጎመኑ አፈር ይገባል፣ ጎመኑን የምንበላው ደግሞ እኛ ነን።

ምን ትሠራለች ላሉ፦ ማታ የበረንዳዬ መብራት ሥር ትቀመጣለች። ጥንዚዛ፣ ጉንዳን፣ የእሳት ራት፣ ሰላጣዬን ወንፊት የሚያደርገውን ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ ትበላለች። ምላሷ የተተከለው ከፊት ነው፣ ተወርውሮ ሲመለስ አይታይም። ከዚያ ዓይኖቿን ጭፍን ታደርጋለች። የጣማት መስሎኝ ነበር፣ ለካ የዓይኗ ኳስ ወደ ውስጥ ገብቶ ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ እየገፋው ነው። በዓይኗ ትውጣለች! ይህን ካየሁ በኋላ ከቲቪ ይልቅ በረንዳ ነው የማመሸው።

እናቴ ባለፈው ሰኔ ለጉብኝት መጥታ ነበር። የመጀመሪያው ማታ ጉርጧን አይታ «አትንኪው!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች። ሳምንት ሳይሞላ፣ ቂጡ የተሰበረ ጀበናዬን ልጥለው ስል ከእጄ ተቀበለችኝ። ጥላ ያለበት ቦታ፣ ከበሶብላው ሥር፣ በጎኑ አጋድማ ግማሹን አፈር አለበሰችው። ጉርጧ በሁለተኛው ቀን ገባችበት። ከተሰበረው በኩል ፊቷን አውጥታ ትቀመጣለች፣ እንደ ዘበኛ። ያቺው እናቴ ናት እንግዲህ ዛሬ «አጽጂ» የምትለኝ፣ የተጻፈ ነገር ያላትን ጉልበት እዩልኝ።

አራተኛው፣ ክሩ። እሱ በሽታ አይደለም፣ እንቁላል ነው። ብዙዎቹ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን በክምር ይጥላሉ፣ ጉርጥ ግን በሁለት ረጃጅም ክር ነው የምትጥለው፣ ማተብ ላይ እንደተሰካ ጥቁር ዶቃ፣ በሺዎች የሚቆጠር። ከዚያ በፊት ያለው ደግሞ ዘፈኑ ነው። ሞቅ ያለ ዝናብ በጣለበት የኤፕሪል ማታ ወንዶቹ ኩሬው ዳር ይቀመጡና ጉሮሯቸውን እንደ ፊኛ ይነፋሉ። ድምፁን እልልታ በሉት፣ ግን ትንፋሽ የማያልቅባት አክስት እልልታ፣ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ሳይቋረጥ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀበላል። በዚያ ማታ ሴቶቹ ወደ ኩሬው ሲጓዙ አስፋልት ያቋርጣሉ፣ ብዙዎቹም መኪና ሥር ይቀራሉ። ቀስ ብላችሁ ንዱ። ክሩን በመረብ እያወጣችሁ አትጣሉት። ከቀናት በኋላ ጭራ ያላቸው ጥቋቁር ግልገሎች ይፈለፈላሉ፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው እግር አውጥተው የጣት ጥፍር የምታክል ጉርጥ ሆነው ወደ ሳሩ ይወጣሉ። ያኔ ሳር የሚያጭድ ሰው እግሩ ሥር ይመልከት።

ስለ ጥንቸሎቹ ያሉት ደግሞ ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም እኔም ሠርቼዋለሁ። «ሳር ውስጥ ብቻቸውን የተኙ የጥንቸል ግልገሎች ካገኛችሁ እናታቸው ጥላቸዋለች፣ ቤት አስገብታችሁ ወተት ስጧቸው» ይላሉ። ከስድስት ዓመት በፊት አራት አገኘሁ። ጫማ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አነጠፍኩ፣ የላም ወተት አሞቅኩ፣ በጠብታ አጠጣኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንዱም አልነበረም። እናታቸው አልጣለቻቸውም ነበር። የጥንቸል እናት ቀን ላይ ጎጆዋ አጠገብ የማትደርሰው ጠላት ተከትሏት እንዳያገኛቸው ነው። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ትመጣለች፣ ጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትሄዳለች፣ ከደረቷ የነጨችውን ጠጉር መልሳ ታለብሳቸዋለች። የላም ወተት ሆዳቸውን ነው የሚገድለው። ከተጠራጠራችሁ ጎጆው ላይ ሁለት የጥጥ ክር በመስቀል ቅርጽ አስቀምጡና በማግስቱ እዩ። ክሩ ከተነካካ እናት መጥታለች ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው በራሳቸው ይወጣሉ። የአጋዘን ግልገልም እንዲሁ ነው፣ ሜይ መጨረሻ ላይ አጥር ሥር ተጠቅልሎ ብታዩት ዝም በሉት። «የሰው እጅ ከሸተተው እናቱ ትተወዋለች» የሚለውም ተረት ነው፣ ግን ተረቱ እጅ የሚያስሰበስብ ከሆነ ይቆይ።

ከእንጨቱ በረንዳ አጠገብ ፊታችሁ ላይ እየመጣ የሚያንዣብበው ትልቁ ጥቁር ንብ «ይገድላል» ተብሏል። ፊት ለፊት የሚደነፋው ወንዱ ነው፣ መናደፊያ የለውም። ሴቷ አላት፣ በእጃችሁ ካልጨበጣችኋት ግን አትደርስባችሁም። እንጨት ትበሳለች፣ ይህ እውነት ነው፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። እንጨቱን ቀለም ቀቡት።

እባብ ሁሉ ይገደል ላሉት፦ በሜሪላንድ መርዘኛ እባብ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፣ ኮፐርሄድና ቲምበር ራትልስኔክ። ጓሯችን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጋርተር ስኔክ ወይም አይጥ የሚበላው ረጅሙ ጥቁር እባብ ነው። የአገሩ እባቦች ደግሞ በግዛቱ ሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ስለዚህ አካፋ ከማንሣታችሁ በፊት አስቡበት። ጋርተሩ ጉርጥ ይበላል፣ መርዟ አይበግረውም። ይኼ ያናድደኛል፣ ግን በእነሱ መሐል አልገባም።

አሁን የተስማማሁበት። መዥገር። ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉት ነገር ሙሉ ጽሑፍ የሚገባው እሱ ነበር። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር በሜይና በጁን ጤፍ ከምታክል ትንሽ ብትበልጥ ነው፣ ነጥብ መስላ ትለጠፋለች። ልጆች ከሳር ሲገቡ ብብታቸውን፣ ከጉልበታቸው ኋላ፣ የጸጉራቸውን ሥር እዩ። ካገኛችሁ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ፣ ቅባትና ክብሪት አያስፈልግም። ክብ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሽፍታው ግን ሁልጊዜ አይወጣም። ጓሮዬ ውስጥ የምፈራው ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ እሱም አይዘፍንም፣ ፎቶውንም ማንም አይለጥፈውም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት «በቅዳሜው ጓሮዬን በሙሉ አስረጫለሁ» ብለው ነው። ቅዳሜን ያቆዩልኝ። ትንበያው ዓርብ ማታ ዝናብ ይላል፣ ሞቅ ያለ ዝናብ። ኩሬው ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ልጆችዎን ይዘው በሁለት ሰዓት ይምጡ፣ ቦት ጫማና ባትሪ አይርሱ። ከዚያ ቤት ገብተን ቡና እንጠጣለን። በአዲሱ ጀበና፣ አሮጌው ሰው አለበት።